«እንደ ማኅበር ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

አያቴ ልደታቸውን ሊያከብሩ ነው!

ዜናው የደረሰን ዛሬ ጠዋት ነው። ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እናቴ ስልክ አነሳች፣ «አቤት አባዬ... እሺ አባዬ... እሺ» አለችና ዱካው ላይ ዘፍ አለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ጮህኩ። እኔ ስጮህ ትንሿ እህቴ ሶልያና ጮኸች፤ ሶልያና ስትጮህ ዶሯችን ተንጫጫች፤ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ምነው! ምን ደረሰባችሁ?» አሉ። እናቴ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች።

«አባዬ "ተረኛው እኔ ነኝ" አሉ። ለመጪው ቅዳሜ።»

እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ትምህርት ቤት አርፍጄ ደረስኩ፤ «ያረፈደ ይንበርከክ» ሲባል ተንበርክኬ እየሳቅሁ ነበር። ጥበቃው «ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?» አሉ። ምን እንደነካኝ ለእሳቸው ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም፤ ለእናንተ ግን አለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ጥር ወር ልመልሳችሁ። (የአማርኛ መምህራችን «ከርዕስሽ አትውጪ» ይሉኛል። አልወጣም፤ በሩ ላይ ቆሜ ዞር ዞር ነው የምለው።)

በጥር ሶልያና አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ይህች ልጅ እስከዚያ ድረስ ሦስት የሰው ልደት ተጠርታ ሄዳለች። በመጀመሪያው አጨበጨበች። በሁለተኛውም አጨበጨበች። በሦስተኛው ግን ትዕግሥቷ አለቀና፣ ባለልደቱ ልጅ ትንፋሹን ሲስብ እሷ ቀድማ እፍ! ሻማው ሁሉ ጠፋ። ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እናቱ እናቴን ገላመጠቻት፣ እኛም ኬክ ሳንቀምስ ደብረ ማርቆስን አቋርጠን በእግራችን ተመለስን። መንገድ ላይ እንባዋን እየጠረግሁላት ማልኩላት፤ «በራስሽ ልደት ሻማውን የምታጠፊው አንቺ ብቻ ነሽ። ማንም አይነካብሽም። ሚካኤልን!»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፋ። ልጅቷ ልምምድ ጀመረች። ክብሪት ስንጭር እፍ። ሻይ ሲቀዳ እፍ። እናቴ ሽሮ ስትነፋ እፍ ብላ ኩሽናውን ጭጋግ አስመሰለችው። ወር ሙሉ እንዲህ ሰነበትን።

ልደቱ የሚከበረው አያቴ ዘንድ እንዲሆን የወሰነችው እናቴ ናት፤ ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር። አያቴ ቄስ ናቸው። ከዚያም በላይ የሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው። ማኅበርተኛው በየወሩ በተራ እየደገሰ ሲገናኝ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ዳቦው መቼ እንደሚቆረስ፣ ጽዋውን ቀጥሎ ማን ተረክቦ እንደሚወስድ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። ሙሴነታቸው ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። ሥርዓት ከሚፈርስ የቤታቸው ጣሪያ ቢፈርስ ይመርጣሉ።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን አያቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይኼ ልደት የምትሉት በዓል ሥርዓቱ እንዴት ያለ ነው?»

«ቀላል ነው አባባ! ልክ እንደ ማኅበር ነው።»

«እንደ ማኅበር?»

«አዎ! ዳቦ አለ፣ ይቆረሳል። መብራት ይበራል። ይዘመራል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። በቃ፣ እንደ ማኅበር።»

«እንዲህ ከሆነማ እናውቅበታለን» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ በማስረዳት ችሎታዬ ኮራሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ አይደል የሚባለው? ብርሌው የተሰነጠቀ መሆኑን ማን አየ!

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። ኬኩ እናቴ ጭን ላይ፣ ሶልያና አባቴ ጭን ላይ፣ እኔ ደግሞ በሃያ ፊኛ መሐል። አዎ፣ ከቤት ነፍቼ ነው ይዤ የመጣሁት። «እዚያ ስደርስ እንዳይደክመኝ» ብዬ። ረዳቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ፊኛውን አየና «እህቴ፣ እነዚህ ስንት ሰው ናቸው?» አለኝ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን አንዱ ፊኛ ፈነዳ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘና ወርዶ አራቱንም ጎማ በእርግጫ መታቸው። «ደህና ነው» ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ፈነዳ፤ አሁንም ወርዶ መታቸው። በሦስተኛው ላይ አንዲት ተሳፋሪ «ጎማው አይደለም፣ የዚች ልጅ ጉድ ነው!» ብለው አጋለጡኝ። የቀሩትን አሥራ ሰባት እያንዳንዳቸውን ፈትቼ አስተነፈስኳቸው። እያንዳንዱ ፊኛ ሲተነፍስ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው አሥራ ሰባት ጊዜ አፈጠጠብኝ።

አሁን ኬኩ ይወድቃል ብላችሁ እየጠበቃችሁ ነው፤ አውቃችኋለሁ። አልወደቀም። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጉድጓድ፣ ነጩ ክሬም ሳይላጥ፣ «ሶልያና» የሚለው ጽሑፍ ሳይጎብጥ፣ መሐሉ ላይ ያለችው ሮዝ የስኳር አበባ ቅጠሏ ሳይነካ ደረሰ። ኋላ ላይ «ምነው በወደቀ» ብያለሁ።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች። «የማን ተዝካር ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ግቢው በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ፀጉር። አርባ ሰው አያንስም፤ በአማካይ ዕድሜያቸው... እሱን ትተን እንለፍ። ድፎ ዳቦ በድፎ ዳቦ ላይ ተደርድሯል። ጠላው ቀርቧል። አያቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው ወጡና «እንኳን ደህና መጣችሁ! ማኅበርተኛውን በሙሉ ጠርቻለሁ። የቀረ የለም» አሉ።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ቤት ስንገባ እንገናኛለን» የሚለውን በዓይኗ ብቻ መናገር የምትችል ሴት ናት።

ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የተገዛው ለስምንት ሰው ነው። አምስቱን ሻማዎች ሰካሁ፣ ለኮስኩ፣ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። ሶልያና ወንበር ላይ ወጥታ ጉንጯን ነፋች።

«በስመ አብ» አሉ አያቴ። ሁሉም ብድግ አለ።

ጸሎቱ ተጀመረ። ቀጥሎ ምርቃቱ። አያቴ ለአገር መረቁ፣ ለእህሉ፣ ለከብቱ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ኬኩን ለጋገረው፣ በደህና ላደረሰን ሾፌር። (ሾፌሩስ እኔን ሲረግም ነው የዋለ።) ሶልያና ጉንጯ ሲደክማት በአፍንጫዋ ታስተነፍስና እንደገና ትነፋለች። ሻማዎቹ እያጠሩ ሄዱ። ሰሙ «ሶ» ላይ ተንጠባጠበ። በመጨረሻ «አሜን!» ተባለ። ልጅቷ አንገቷን ወደ ፊት አሰገገች...

የአያቴ መዳፍ አፏ ላይ አረፈ።

«ተይ የኔ ልጅ! መብራት በአፍ አይጠፋም፤ ነውር ነው።»

ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱና ጽስ። ጽስ። ጽስ። ጽስ። ጽስ። አምስት ዓመት በአምስት ጽስታ አለቀ። ማኅበርተኛው እልል አለ። ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ የሶልያና ጉንጭ ልክ እንደ ፊኛዎቼ ሲሟሽሽ ይታያል። ለማንም አላሳይም።

«አባባ፣ እሷ ነበረችኮ...» ብዬ ስጀምር እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አያቴ ቢላዋውን አንስተው ነበር።

«ታላቅ ይቅደም» አሉ። «በዕድሜ ይታደል።»

አሁን ችግር መጣ። ታላቁ ማን ነው?

«አያ ደምሴ ናቸው» አለ አንዱ።

«እኔ?» አሉ አያ ደምሴ፤ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። «አንጓች ስትዳር እኔ ገና የወተት ጥርሴ እየተነቀለ ነበር!»

«ውሸቱን ነው!» አሉ እማማ አንጓች፣ ምርኩዛቸውን አንስተው። «እኔ ስዳር እሱ ጢሙን ያበጥር ነበር።»

«እኔ የአንበጣው ዓመት ነኝ።»

«የትኛው አንበጣ? የፊተኛው ወይስ የኋለኛው?»

«አንበጣውን ስሙን አልጠየቅሁት!»

ሁሉም ቅድሚያውን ለሌላው ይገፋል፤ «በሞቴ አንተ ቅደም»፣ «አፈር ስሆን አንቺ»። በዚህ መሐል እማማ አንጓች ሳቃቸውን አቆሙና ኬኩ ላይ የተጻፈውን ስም አተኩረው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አዩት። «እኛ እኮ ቀን የለንም» አሉ። «ተወለደች ተባለ፣ አለቀ። ደግሞ ማን ጻፈው?»

ከዚያ እደላው ተጀመረ። አያቴ ኬኩን በአርባ ሲያካፍሉ ያየ ሰው ሒሳብ መምህር ያደርጋቸው ነበር። የሰው ሁሉ አቀባበል ልክ እንደ በረከት ነው፤ በሁለት እጅ ይቀበላል፣ ይስማል፣ ፍርፋሪውን ከመዳፉ ይለቅማል። ሶልያና ከሁሉም ታናሽ ስለሆነች መጨረሻ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ከሮዟ አበባ አይነቀልም። እኔም በልቤ «ሚካኤልዬ፣ ሻማውስ አለፈ፣ አበባዋን እንኳ» እላለሁ።

አበባዋ ለአያ ደምሴ ደረሰች።

ወደ እሳቸው ሄድኩ። አያቴ ቢቆጡም ልለምናቸው ቆርጬ ነበር። አያ ደምሴ ግን አልበሏትም። የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው አበባዋን መሐሉ ላይ አስቀመጡና በጥንቃቄ ቋጠሯት። ቀና ብለው አዩኝና «ለባለቤቴ ነው» አሉኝ። «ከአልጋ ከዋለች ሰነበተች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።»

ምን ልበል? «እግዜር ይማርልዎ» ብዬ ተመለስኩ።

ተራው ሶልያና ጋ ሲደርስ የቀረው ካርቶኑ ላይ የተለጠፈ ክሬም ነበር። አላለቀሰችም። ሶልያናን የሚያውቅ ሰው ጩኸቷን አይፈራም፤ የሚፈራው ዝምታዋን ነው። ቤት ገባች፣ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ተሸጎጠች።

«አየሽ?» አለችኝ እናቴ። «አየሽ ያመጣሽውን?»

አያቴ ነገሩን ሲሰሙ ቢላዋውን አስቀመጡና ተከትለዋት ገቡ። ጎታው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«የኔ እመቤት፣ ማን ነው ያስቀየመሽ?»

«አንተ» የሚል ድምፅ ከጀርባ መጣ።

«እርስዎ በይ!» አለች እናቴ ደንግጣ።

«እርስዎ ነህ።»

አያቴ ሳቃቸውን ዋጡ። «ምን አደረግሁሽ?»

«እፍ ልል ነበር። ወር ሙሉ ተለማምጄ።»

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እፍ ማለት በሥርዓቱ ውስጥ አለበት እንዴ?»

«አለበት አባባ። እንዲያውም... ዋናው እሱ ነው።»

«ታዲያ አንቺ አይደለሽ እንደ ማኅበር ነው ያልሽኝ? በየትኛው ማኅበር ነው መብራት እፍ የሚባለው?»

እሳቸው ተነሥተው ወደ እንግዶቹ ሲመለሱ ትከሻቸው ወርዶ ነበር። «ልጅ ያዘነበት ድግስ ምን ድግስ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። እንዲያም ሆኖ ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ማኅበር ያለ ተረኛ አይበተንም። ቆሙና እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«ቀጣይ ተረኛ ማን ነው?»

«አባባ፣ ልደት ተረኛ የለውም!» ብዬ ሮጥኩ። «በተወለዱበት ቀን ነው እንጂ...»

«እኔ እወስዳለሁ» አሉ እማማ አንጓች።



«እማማ፣ ልደት አይወሰድም እኮ።»

«ለምን? እንደ ማኅበር ነው አላልሽም?»

አርባው ሰው በአንድ ላይ ሳቀ። ይቺ አነጋገሬ እዚያ ሰፈር እስካሁን ትጠቀሳለች።

«ቀንሽ መቼ ነው?» አሉ አያቴ።

«እሱ የፈጠረኝ ያውቃል። ማንም ካልጻፈው የወደድኩት ቀን ነው፤ ጾሙ ሳይገባ። ግን አንድ ችግር አለብኝ።» እማማ አንጓች አፋቸውን ከፍተው ድዳቸውን አሳዩን። «እፍ ብል ትንፋሼ በየት በየት እንደሚያመልጥ አላውቅም። እፍ የሚልልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ይህን ያሉት ወደ ቤቱ በር ዞረው፣ ጮክ ብለው ነው።

ጠበቅን።

ከጎታው ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። «ስንት ሻማ ነው?»

«በሐዋርያት ቁጥር፣ አሥራ ሁለት!»

መጀመሪያ ግንባሯ ታየ። ከዚያ ዱቄት የለበሰ አፍንጫዋ። ከዚያ ሁለቱ ጉንጮቿ።

ርክክቡ ተደረገ። ጽዋ ስላልነበረ ባዶውን የኬክ ካርቶን ከአምስቱ ግማሽ ሻማዎች ጋር በነጠላ ሸፍነን ለእማማ አንጓች አስረከብናቸው፤ ሰው ሁሉ በእልልታና በጭብጨባ ካርቶኑን እስከ ቤታቸው ድረስ ሸኘው። መንገድ ላይ የተገናኘን አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመልን።

ወደ ከተማ ልንመለስ ስንል አያ ደምሴ እየተጣደፉ መጡ። ብብታቸው ሥር ቀይ ዶሮ አለች። «አበባዋን የበላችው ሰው ልካልሽ ነው» ብለው ለሶልያና ሰጧት። ሶልያና ዶሮዋን «አበባ» አለቻት። ዛሬ ጠዋት ከእኛ ጋር የተንጫጫችው እሷ ናት።

እማማ አንጓች ቃላቸውን ጠበቁ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አሥራ ሁለት ሻማ ድፎ ዳቦ ላይ ተተክሎ፣ ሶልያና በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አጠፋቻቸው። አያቴ በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥምጥማቸውን ሲያስተካክሉ ነበር። እናቴ ስትስቅባቸው «ያላየሁትን አልከለክልም» አሉ። ከፋሲካ በኋላ የአያ ደምሴ ባለቤት ተራ ሆነ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሶልያና ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና ሰባቱን ሻማ አጠፋችላቸው። ኬኩ ላይ አበባ ነበረበት፤ ግማሹን ለእሷ ቆርሰው ሰጧት። እንዲህ እንዲህ እያለ ተራው ዞረ። አንድ ሕግም ተለወጠ፤ ኬክ ሲሆን ታናሽ ይቀድማል። በእያንዳንዱ ልደት ላይ ግን አያቴ ጥምጥማቸው አልስተካከል ብሎ ወደ ግድግዳ ይዞሩ ነበር።

የዛሬውን ስልክ እኔም ተቀብዬ አነጋግሬያቸዋለሁ። «እናቴ የገብስ እሸት ሲደርስ ወለድኩህ ብላኛለች፤ እሸቱ ደርሷል» አሉኝ።

«ሻማው ስንት ይሁን አባባ?»

«በአራቱ ወንጌላውያን አራት።»

«እና... ማን ያጥፋው?»

 

«ለትንሿ ንገሪያት» አሉ። «ጉንጯን ይዛ ትምጣ። በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ልደቴን ግድግዳ ሳይ አላሳልፍም።»

እንግዲህ ቅዳሜ ነው፤ ኑ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ፊኛ ካመጣችሁ ሳትነፉ አምጡ። የተወለዳችሁበትን ቀን የማታውቁም ግድ የለም፤ እዚያ ማንም አያውቅም። ሶልያና ከእኔ ጋር ብዙ ከተከራከረች በኋላ ከአራቱ ሻማ አንዱን ለእንግዳ ልትተው ተስማምታለች። ማን እንደሚደርሰው አይታወቅምና፣ አደራ፣ እናንተም ጉንጫችሁን ይዛችሁ ኑ።